የገጽ ሰማንያ ሰባት ግድግዳ

ተማሪዎቹ «ምድጃው» ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የምህንድስና ኮሌጅ ውስጥ የሙቀት ዝውውር አስተምሯል፤ ሙቀት እንዴት በግድግዳ ሾልኮ እንደሚወጣ፣ እንዴት ነፋስ ጠልፎት እንደሚሄድ፣ እንዴት ከፀሐይ ዘሎ ራስ ላይ እንደሚያርፍ። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል ብሎ ጀመረ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሐሳቡን አልለወጠም። ሙቀትም አልለወጠም። በመሃላቸው ቅሬታ የለም።

የማይስቅ ሰው ነው። ኮቱን በብርድም በሙቀትም አያወልቅም። ጠመኔው በግራ ኪሱ፣ የመነጽሩ ማህደር በቀኝ ኪሱ ነው፤ አንዳንድ ቀን ኪስ ይሳሳትና በመነጽር ማህደር ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ ይታገላል፤ አልጽፍ ሲለውም ሰሌዳው መለወጥ እንዳለበት ለአስተዳደሩ ያመለክታል። ሰሌዳው እስካሁን አራት ጊዜ ተለውጧል።

ይህ ሰው በሕይወቱ የተመኛት ነገር አንዲት ብቻ ናት፤ የመጽሐፍ ጀርባ። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ወደ ሰው የሚያዞረው፣ የደራሲው ስም የሚጻፍበት ያ ጠባብ ጀርባ። ጽሑፉማ አለው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በሁለት ጣቱ የተየባት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ የሆነች ማስታወሻ አለችው። ኮሌጁ አባዝቶ በጥምዝምዝ ሽቦ አሲዟታል፤ አርባ ቅጂ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጧል። ነገር ግን ጥምዝምዝ ሽቦ ጀርባ የለውም፤ ጀርባ በሌለው ነገር ላይ ደግሞ ስም አይጻፍም። ተማሪዎቹም «ጥራዙ» ይሏታል እንጂ «መጽሐፉ» ብለዋት አያውቁም። የቅርብ ፀበል ልጥ ይነከርበታል። ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

ስለ ጥራዙ ለመናገር ስለ አማቱ መናገር ግድ ነው።

አማቱ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሻንጣቸውን ይዘው ከልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ መጡ። ወደ መንገድ የምታየው ክፍል ተሰጠቻቸው። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ «ትንሽ በረድ ትላለች» አሉ። ሌላ አማች ቢሆን ብርድ ልብስ ይጨምር ነበር። ምድጃው ግን ወረቀትና እርሳስ አነሣ። የውጭውን ግድግዳ ስፋት ለካ፣ የጡቡን ጠባይ ከሰንጠረዥ አየ፣ አበዛ፣ አካፈለ፤ ግድግዳው በብርድ ቀን ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ዋት ሙቀት እንደሚያፈስ አገኘ። በውጤቱ ውበት ልቡ ስለተነካ ይህንኑ ስሌት ሳይነካው ጥራዙ ውስጥ ምሳሌ አድርጎ አስገባው። ገጽ ሰማንያ ሰባት ነው።

ከዚያ ማሞቂያ ሊገዛ ወጣ። ዕቃ ቤቶቹ ሁሉ ያላቸው ትልቁ ማሞቂያ ሁለት ሺህ ዋት ነው። በመጨረሻ ከከተማው ዳር የእርባታ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ስምንት ሺህ ዋት አገኘ።

«ስንት ጫጩት አለዎት?» አለው ሻጩ።

«አንዲት አማት።»

ሻጩ ለአፍታ አሰበ። «ያው ነው» አለና ጠቀለለለት።

ማሞቂያው አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፤ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። በበራ ቁጥር የመንገዱ መብራት ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ድመቷ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ለቃ ወጣች፤ ከሦስት ቤት ወዲያ ታይታለች ይባላል። መሳቢያ ውስጥ የነበረው ሻማ ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ። ነርስ የሆነችው ሚስቱ ከሥራ ስትገባ የእናቷን ክፍል ከፈተችና ፊቷን በእጇ ከለለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እናቴን ልትጠብሳት ነው?»

«ስሌቱ ትክክል ነው» አለ ምድጃው።

አማት የአማች ስጦታ አታጠፋም። ስለዚህ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ክርናቸውን ደፉ ላይ አስደግፈው፣ በካርቶን ቁራጭ ፊታቸውን እያራገቡ መንገዱን ማየት ጀመሩ። በየዓመቱ ብርድ ሲመጣ አንዴ «ልጄ፣ ኧረ ይሄ ቤት ነደደ» ይላሉ። በየዓመቱ «እማዬ፣ ስሌቱ ትክክል ነው» ይባላሉ። አሥራ ዘጠኝ ብርድ እንዲህ አለፈ።

ክፍል ውስጥም በየዓመቱ «የገጽ ሰማንያ ሰባት ቀን» የሚባል ቀን አለ። በሌላው ጊዜ ከስልሳው ተማሪ ሃያው ቢመጣ ተመስገን ነው፤ በዚያ ቀን ግን መቀመጫ አይገኝም። ከኤሌክትሪክ ክፍል ይመጣሉ። ካቻምና ተመርቀው የሄዱ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ይመጣሉ። አንድ ዓመት አንዱ ሙሽራውን ይዞ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር። ምድጃው ጥራዙን አይገልጥም፤ በቃሉ ነው።

«የጡብ ግድግዳ!» ይላል ጠመኔውን እያነሣ። «ስፋቱ አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር! ውፍረቱ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ሜትር! በውስጡና በውጩ መሃል አሥራ ስምንት ዲግሪ! ስንት ይወጣል?»

«ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ!» ይላል አዳራሹ በአንድ ድምፅ፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ምድጃው በትንሹ እጅ ይነሣል። ማታ ለሚስቱ «ይህ ትውልድ ለሙቀት ፍቅር የለውም የሚሉ ዋሾዎች ናቸው» ይላታል።

እንዲህ ሲኖር ሳለ ዘንድሮ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊዋ ከብዙ ዓመት በፊት ተማሪው የነበረች፣ ፈጣን፣ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ጠረጴዛ መደገፍ የሚቀናት ሴት ናት። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ኮርስ አንድ የታወቀ መማሪያ መጽሐፍ ይኑረው ይላል ደብዳቤው። ለሙቀት ዝውውር የሚመርጥ ኮሚቴ ይቋቋም። የተመረጠው ነገር የኮሌጁ ሰው ሥራ ከሆነ ኮሌጁ በጠንካራ ልባስ ያሳትመዋል።

በጠንካራ ልባስ። ጠንካራ ልባስ ጀርባ አለው። ምድጃው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው የሚለው።

ኮርሱን ከሱ በቀር የሚያስተምር ስለሌለ የኮሚቴው ሰብሳቢም፣ ጸሐፊም፣ አባልም እሱ ሆነ። ስብሰባውን በሰዓቱ ከፈተ፤ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋገጠ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ቦታ ፈረመ። ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ናቸው፤ «ትልቁ» የሚባለው አንድ ሺህ አንድ መቶ ገጽ ያለው፣ «ቀጭኑ» የሚባለው የተሠሩ ጥያቄዎች መድበል፣ እና ጥራዙ። አድልዎ እንዳይኖር አሥራ ሰባት መስፈርት አወጣ። ውጤቱ ትልቁ ዘጠና አንድ፣ ቀጭኑ ሰማንያ አራት፣ ጥራዙ ስልሳ ሁለት ሆነ። ምድጃው መስፈርቶቹ በጥድፊያ የወጡ መሆናቸውን ታዘበ። አሻሻላቸው። «ደራሲው ከመማሪያ ክፍሉ ያለው ርቀት» የሚል ጨመረ፤ ለዚህም አርባ ነጥብ ያዘ። በአራተኛው ማሻሻያ ጥራዙ ዘጠና ስድስት አገኘች። ውጤቱ ራሱን አስገረመው።

የቀረው ቅጹን መሙላት ነበር። ቅጹ እስከ ተራ ቁጥር አምስት ድረስ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ግን «ተማሪዎች መጽሐፉን ስለመጠቀማቸው ማስረጃ ይቅረብ» ይላል። ምድጃው ማስረጃ ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወረደ።

ምድር ቤቱ የመጽሐፍ ጠራዧ ግዛት ነው። ተማሪዎቹ «እትዬ ሙጫ» ይሏታል፤ ጣቶቿ በደረቀ ሙጫ ያብረቀርቃሉ። ጠረጴዛዋ ላይ ወስፌ፣ ክር፣ የሙጫ ጣሳና አንድ የብረት ማስመሪያ አለ። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የመጣች ናት። በሃያ ዓመት ሥራ አንድም መጽሐፍ አላነበበችም፤ ግን የገጾቹን ጠርዝ አይታ መጽሐፉ ምን እንደደረሰበት ትናገራለች። ሐኪምስ መቼ በሽተኛውን ያነበዋል?

«እህቴ፣ ማስረጃ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አላት።

«ይቀመጡ ጋሼ። እዚያ አይደለም! እሱ ወንበር ሙጫ ተቀብቷል። እዚህ።»

ጉዳዩን ነገራት። ጠራዧ አጎንብሳ ሙጫቸው ካልደረቀ መጻሕፍት ክምር ላይ ትልቁን በሁለት እጇ አነሣችውና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። የሙጫው ጣሳ ዘለለ።

«ይኸው። ስድስት ሳንቲሜትር ውፍረት» አለች ማስመሪያዋን እያስጠጋች። «ጠርዙን ይዩልኝ። እስከ ገጽ ሠላሳ ጥቁር ነው። ከሠላሳ ወዲያ እንደ ሙሽራ ቀሚስ። ሠላሳ ላይ ምን አለ?»

«የመጀመሪያው ቀመር።»

«እንግዲያው ሰው የሚያልቀው እዚያ ነው። መጨረሻው ደግሞ እንደገና ጥቁር፣ መልሱ ያለበት። ለኔ ግን ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ሌሎቹን የምጫነው በሱ ነው።»

ቀጭኑን አወጣች። ልባሱን ስትገልጠው ውስጡ ባዶ ነው። «ይሄኛው ሥጋው ተግጦ አጥንቱ ቀረ። የተሠራ ጥያቄ በሙሉ በምላጭ ሄዷል። መግቢያውና ምስጋናው ብቻ ነው የተረፈው። ምስጋና የሚሰርቅ የለም።»

የምድጃው ልብ መምታቷን አቁማ ጆሮዋን ቀሰረች። ጠራዧ ሦስተኛውን አመጣች። ጥራዙ ናት። ጠርዟ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ ነው፤ የሰው እጅ ያለፈበት ግራጫ። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር መስመር አለ፤ የከሰል ማኅተም ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጣት ራሷ ተከፈተች።

ገጽ ሰማንያ ሰባት።

«አርባውም እንዲህ ናቸው» አለች። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን የወረቀት ክምር አወረደች፤ ሁሉም ገጽ ሰማንያ ሰባት ነው። «አባዝቼ አስቀምጣለሁ። በዓመት ሃምሳ ያህል እቀይራለሁ። ይቀደዳል፣ ሻይ ይፈስበታል፤ አንዳንዶቹማ በላጲስ ፍቀው ፍቀው ማዶ ያለው ሰው ይታይበታል። ከዚህች ይነሣሉ፣ ሌላውን ገጽ ሁሉ ያስሳሉ፣ ተመልሰው እዚህችው።»

የምድጃው አንጀት ቅቤ ጠጣ። «ምሳሌው ግልጽ ስለሆነ ነው» አለ።

«ግልጽ ቢሆንማ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ስህተቱን የሚፈልጉበት እኮ ነው።»

የጣሪያው ቧንቧ ሁለት ጊዜ ጠብ አለ።

«የምን ስህተት?»

ጠራዧ ወስፌዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ውይ፣ ጋሼ» አለች። «አያውቁም እንዴ?»

አያውቅም ነበር። ጠራዧ ዘንግታ ነው እንጂ ለማንም ለመንገር ያሰበችው ነገር አልነበረም፤ አንዴ ካመለጣት በኋላ ግን ዘረገፈችው። ነገሩ ከጀመረ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ለአዲሶቹ «ሰማንያ ሰባት ላይ አንድ ስህተት አለ፤ ፈልጉት» ይሏቸዋል። አንዱ ጡቡን ይጠረጥርና ስለ ጡብ ያለውን ሁሉ ያነባል። ሌላው ነፋሱን ይጠረጥርና የነፋስን ምዕራፍ ይጨርሳል። ያገኘ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር አስቀድሞ ላገኘ ሰው በጆሮው ይነግራል፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መስኮት ሥር ያለው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይፈቀድለታል። ፈተናውንም በዚያው ያልፋሉ፤ በፍለጋ ላይ ሳያስቡት ሁሉንም ተምረውታላ።

«ማን ማን ነው የሚያውቀው?»

«ሁሉም። ኃላፊዋ ታውቃለች። የበሩ ዘበኛም ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔም አገኘሁት» አለች፤ ትንሽ አፈረች። «በዚች ነው ያገኘሁት» ብላ የብረት ማስመሪያዋን አሳየችው።

«በይ ንገሪኛ።»

«አይሆንም። ሕግ ነው፤ ያገኘ አይናገርም።»

«እኔ እኮ ደራሲው ነኝ!»

«ለደራሲ ተብሎ የወጣ ሕግ የለም ጋሼ። ኮትዎን ደግሞ ይጠንቀቁት፣ እጅጌዎ ሙጫ ነክቷል።»

ምድጃው ደረጃውን ሲወጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ጭብጨባ በጆሮው ውስጥ እንደገና ይሰማው ነበር፤ አሁን ግን ድምፁ ሌላ ነው። ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ ተራ ቁጥር ዘጠኝን አየ። «የተመረጠው መጽሐፍ ከስህተት ነፃ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ማስረከቢያው ሐሙስ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሜትሩን፣ ቴርሞሜትሩንና ገጽ ሰማንያ ሰባትን ይዞ አማቱ ክፍል ገባ። ግድግዳው ያው የሳቸው ግድግዳ ነውና ከምንጩ ለመመርመር ነው። ማሞቂያው ይነድዳል። አማቱ በተከፈተው መስኮት ላይ ተደግፈው ያራግባሉ።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ስህተት፣ እማዬ።»

«የማን?»

«የኔ።»

የካርቶኑ ማራገቢያ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማች ሲሆናቸው እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አልሰሙም። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ከማዶ ላለችው ጎረቤታቸው «ስህተቴን ፈልጌ ነው ይላል!» ብለው አስታወቁ።

«የቱን?» አለች ጎረቤቲቱ።

ምድጃው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ማባዛቱን ደገመ፤ ልክ ነው። የጡቡን ቁጥር አየ፤ ልክ ነው። ወንበር ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ለካ፤ አራት በሦስት፣ አሥራ ሁለት፤ ልክ ነው። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ ግድግዳው የሚጨምረው ሐሳብ አልነበረውም። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ገጹ ላይ ተንጠባጠበ፤ ኮቱን ግን አላወለቀም።

«ሻይህን ጠጣ እንጂ፣ ይበርዳል» አሉ አማቱ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሻይ በርዶ አያውቅም፤ ቢሆንም ዞር አለ።

ሻዩ የመስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። አጠገቡ የስኳሩ ዕቃ አለ። ከዚያ የአማቱ ትንሽ ራዲዮ፣ ከዚያ መነጽራቸው፣ ከዚያ ክርናቸው። ይህ ሁሉ ጓዝ በግድግዳው ውፍረት ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ምድጃው ለረጅም ጊዜ ሻዩን ተመለከተ። ሁለት ሳንቲሜትር ላይ ሻይ አይቀመጥም። ሁለት ሳንቲሜትር ላይ ክርን አይደገፍም። እትዬ ሙጫ መጫኛ ያደረገችው መጽሐፍ እንኳ ከሱ ግድግዳ በሦስት እጥፍ ይወፍራል። ሜትሩን ዘርግቶ ደፉ ላይ አጋደመው። ሃያ ሳንቲሜትር። ዜሮ ነጥብ ሁለት። አንዲት ዜሮ ያለ ቦታዋ ገብታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። አሥር እጥፍ። ትክክለኛው ሰባት መቶ ሃምሳ ስድስት ዋት ነው፤ ማንኛውም ዕቃ ቤት ውስጥ ያለ ተራ ማሞቂያ ግማሽ ቀን ተኝቶ የሚሠራው ሥራ።

ተነሣ። ሄዶ ማሞቂያውን አጠፋ። የመንገዱ መብራት ሁሉ ቀና አለ። መስኮቱን ዘጋ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ከአማቱ ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ ልክ ነበሩ። ቤቱ ይነድ ነበር። ስሌቱ ትክክል አይደለም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ደስታውን አይችሉትም ብሎ ፈርቶ ነበር። አማቱ ግን የተዘጋውን መስኮት ነበር የሚያዩት።

«መስኮቴን ምን አረግኸው?»

«ከእንግዲህ መክፈት አያስፈልግዎትም።»

«እና ምኑን ልይ? ግድግዳ ልይ?»

«ግን ሙቀቱ...»

«ስማኝ ልጄ። እኔ እዚህ አገር ስመጣ አንድ ሰው አላውቅም ነበር። ይሄ ማሞቂያህ እየለበለበ ወደ መስኮት አባረረኝ። ዛሬ በዚህ መንገድ የማላውቀው ውሻ የለም። ሁለት ጋብቻ በዚህ መስኮት አዋውያለሁ። የማዶዋን ልጅ ምጥ ሲይዛት ማን አይቶ ጮኸ? ሌባውን በስሙ ማን ጠራው? ብርድ ብርድ ሲለኝ ዞር እላለሁ፣ ጀርባዬን ይሞቀዋል። በል አብራው።»

«እማዬ፣ ስህተት ነው እኮ።»

«ስህተት ነው። መጥፎ ነው የሚል ቃል መቼ ወጣኝ? አብራው አልኩህ!»

ምድጃው አበራው። የመንገዱ መብራት እንደ ወትሮው አንገቱን ደፋ። አማቱ መስኮቱን ወለል አደረጉና ክርናቸውን መለሱ። እሱም ሻዩን ጠጣ፤ ያቃጥል ነበር።

ሐሙስ ኃላፊዋ ጠረጴዛዋን ተደግፋ ጠበቀችው።

«ሰማሁ» አለች። «ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?»

«አንድ ከሰዓት በኋላ።»

«እኔን ሦስት ሳምንት። ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ በሕጉ መሠረት።»

ምድጃው ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «ሰባት መቶ ሃምሳ ስድስት» አላት።

«እንኳን ደስ አለዎት» ብላ እጁን ጨበጠች። «ከዛሬ ጀምሮ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይችላሉ። እንግዲህ ሥራ አናብዛ። ያችን ዜሮ ከቦታዋ እናነሣና ጥራዙን እናሳትመው። ጠንካራ ልባስ፣ ስምዎ ጀርባው ላይ በወርቅ ቀለም። ከእርስዎ ሌላ ለማን ይገባል?»

ምድጃው ጀርባውን አየው። በእውነት አየው፤ መደርደሪያ ላይ ቆሟል፣ ወርቁ ያበራል፣ አንድ ተማሪ ከሩቅ ያነበዋል። ከዚያ ጠርዙን አየው። ጠርዙ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነጭ ነበር።

«ከታረመ ማን ያነበዋል?» አለ።

ኃላፊዋ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች።

«ካልታረመ ደግሞ» አለ፣ «እኔ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ አልፈርምም። እያወቅሁ ስህተት የለውም ብዬ አልዋሽም።»

«እና ምን ይሁን?»

ምድጃው ብዕሩን ከቀኝ ኪሱ ሊያወጣ ሲል የመነጽሩ ማህደር ወጣ፤ መለሰው። ብዕሩን ከግራው አገኘ። የተመረጠው መጽሐፍ በሚለው ቦታ ላይ ትልቁን ጻፈ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ፈረመ፤ ትልቁ በርግጥ ስህተት አልተገኘበትም፣ ፈልጎ የሚደርስበትም የለም። ከዚያ «ልዩ አስተያየት» በሚለው መስመር ላይ ይህን ጨመረ፤ «በእያንዳንዱ ቅጂ በገጽ ሠላሳና ሠላሳ አንድ መካከል፣ ማለትም ተማሪው በሚቆምበት ቦታ፣ ከጥራዙ ገጽ ሰማንያ ሰባት ሳይታረም ይሰፋ።» ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባል ሆኖ ሦስት ጊዜ ፈረመ። ሦስተኛው ፊርማ ላይ እጁ ትንሽ ዘገየ። ኃላፊዋ አይታ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተች።

መቶ ሃያ ቅጂ ገባ። እትዬ ሙጫ ምድር ቤት ውስጥ አንድ በአንድ ሰፋችው።

«ስምዎን ከግርጌው ልጣፍልዎት ጋሼ? በትንሹ?»

«ተይው።»

«ከሠላሳ ቀጥሎ ሰማንያ ሰባት ሲመጣ ሰው ግራ ይገባዋል።»

«ግራ ይግባው።»

በቀጣዩ ዓመት የገጽ ሰማንያ ሰባት ቀን አዳራሹ እንደ ወትሮው ሞላ። ዘበኛው በሩን ለቆ መጥቶ ነበር። ምድጃው ጠመኔውን አነሣ። «ውፍረቱ» አለና ቆም አለ፣ «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ሜትር!» ቁጥሩ በአንድ ድምፅ ወጣ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ እሱም እጅ ነሣ። ከፊት የተቀመጡት የከንፈሩ ግራ ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ ይላሉ። ከኋላ የነበሩት ሁለት ሳንቲሜትር ነው ብለው ይከራከራሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲገባ አማቱ ከመስኮታቸው ሳይነሡ ጠየቁት።

«ያ መጽሐፍህ ወጣ?»

«ወጣ፣ እማዬ።»

«ስንት ገጽ ሆነ?»

«አንድ።»

አማቱ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ አንገታቸውን አወጡ።

«አንቺዬ! የልጄ ባል መጽሐፍ አወጣ!»

«እልልል! ስንት ገጽ ነው?» አለች የማዶዋ።

«አንድ ነው፤ ግን ኮሌጁ ሙሉ እሱን ነው የሚያነበው!»

«ምን ይላል?»

«ግድግዳችን ቀጭን ነው ይላል» አሉ አማቱ፣ ራዲዮኑን ገፋ አድርገው ሁለተኛውንም ክርናቸውን ደፉ ላይ እያመቻቹ። «ውሸቱን ነው።»